ቁርጥማት ከውሃ አያስወጣዎትም

ደስ የሚለውን ነገር ላስቀድም። ትከሻዎ ወይም ጉልበትዎ እየተመላለሰ የሚያምዎት ዋናተኛ ከሆኑ፣ ዋናን እርግፍ አድርገው የሚተዉበት ምክንያት በአብዛኛው የለም። ሕመሙ የሚጠይቅዎት የሚዋኙበትን መንገድ፣ መጠኑንና ሰዓቱን እንዲያስተካክሉ ነው። ይህን ደግሞ በ50 ዓመትም ሆነ በ65 ዓመት፣ ሜዳሊያ ሳያስቡ፣ አሠልጣኝም ሳይቀጥሩ ማድረግ ይችላሉ።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለአዋሽ ሰባትና ለሰመራ ሰዎች ነው። ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለባንክ ሠራተኛው፣ ለጂቡቲ መስመር ሹፌሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ውሃ ፍለጋ ለሚወጣው ሁሉ። እኔም ትከሻቸው ከሚቆጠቁጣቸው ዋናተኞች አንዱ ነኝና ነገሩ ከልቤ ነው።

መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ከወዳጅ ከጎረቤቱ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «በቃ ተወው፣ ዕድሜ ነው» ይለዋል። ሌላው «ቻል አድርገው፣ ሰውነትህ ሲሞቅ ይለቅሃል» ይለዋል። ሁለቱም የሚመክሩት ከፍቅር ነው፤ ግን ሕመሙ እንዲመላለስ የሚያደርጉትም እነዚሁ ሁለት ምክሮች ናቸው። ዋናውን የተወ ሰው ትከሻውን ደግፈው የሚይዙት ትንንሽ ጡንቻዎች በእረፍቱ ሳምንታት ይሰንፉበታል። ሕመሙ ጋብ ሲልለት ተመልሶ ይገባና በመጀመሪያው ቀን የድሮውን ያህል ይዋኛል። የሰነፈው ጡንቻ የድሮውን ሥራ አይችልም፤ ስለዚህ እንደገና ያመዋል። የቻለው ሰው ደግሞ የተቆጣውን ጅማት በየቀኑ መልሶ መላልሶ ያስቆጣዋል እንጂ ለመዳን ጊዜ አይሰጠውም።

ሦስተኛው መንገድ መመጠን ነው። መገጣጠሚያ እንዲሁ ዝም ብሎ ቢቀመጥ አይድንም። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ የሚዘዋወረው ደግሞ ስንንቀሳቀስ ነው። ጅማትም በልኩ ሲሠራ ይጠነክራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል። ስለዚህ «ልተው ወይስ ልቻለው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ያድርጉትና «ስንት ልዋኝ፣ እንዴት ልዋኝ?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ አንድ ለውጥ ብቻ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ለዚህ ሥራ ከውሃ የተሻለ ቦታ የለም። እስከ ወገብዎ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ እግርዎ የሚሸከመው የክብደትዎን ግማሽ ገደማ ነው። እስከ አንገትዎ ሲገቡ ደግሞ አንድ አሥረኛው ገደማ ይቀራል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉልበቱ 7 ኪሎ ብቻ ተሸክሞ ይራመዳል ማለት ነው። አስፋልት ላይ መቶ እርምጃ የከበደው ጉልበት ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ሲራመድ የሚሰማውን ደስታ ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደምወተውት ይገባዋል።

የአዋሽ ሸለቆ ሰው ደግሞ ከውሃ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ ጉዞው ላይ ከናዝሬት አለፍ ብሎ ሶደሬ አለ፤ ስንቱ ኢትዮጵያዊ መዋኘት የተማረበት ገንዳ ነው። ወረድ ሲሉ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በሰሜን ጫፉ በዘምባባ የተከበበውን ፍል ውሃ ይዞ ይጠብቅዎታል። ከአዋሽ ሰባት ብዙም ሳይርቁ ዶሆን፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ቢለንን ያገኛሉ። ሰመራን አልፈው ወደ ሰሜን ከዘለቁ ከባሕር ጠለል በታች ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ውሃው ሰውን ያንሳፍፋል፤ ዳርቻው ላይም ፍል ውሃ ይፈልቃል። ለመሆኑ አዲስ አበባስ ቢሆን የተቆረቆረችው በምን ሆነና! እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስሟን አገኘች። ደካማ አካልን በሙቅ ውሃ ማበርታት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ውሃ ሁሉ አይዋኝበትም፤ ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በአዋሽ ወንዝና በመተሐራው በሰቃ ሐይቅ አዞ አለ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የመስኖ አካባቢዎች ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው፤ በዱብቲ በኩል ልጆች ሲንቦራጨቁበት የሚያዩት ቦይ ለትከሻዎ እፎይታ ሰጥቶ ለፊኛዎ በሽታ እንዳያወርስዎ። ሰመራና ሎጊያ አጠገብ ያለው አላሎበድ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ነው፤ ከሩቅ ሆነው ያድንቁት። የገንዳ ወይም የፍል ውሃ ጥበቃዎችን «የት ነው የሚገባው? ዛሬ ሙቀቱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ደጋግማ ተንቀጥቅጣለች። ፍል ውሃ ከምድር በታች ባለው ነገር የሚለዋወጥ ስለሆነ አምና የገቡበትን ዘንድሮ በእጅዎ ሳይሞክሩ አይግቡበት።

አሁን ወደ ሕመሙ እንግባ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ድንቅ ባህል አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ በየተራ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ያየውንም ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ከመገጣጠሚያዎ ጋር እንዲህ ያለ ዳጉ ይቀመጡ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ሲዋኙ ነው፣ ከዋኙ በኋላ ማታ ነው፣ ወይስ ጠዋት ሲነሱ? አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል? እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ይብሳል? ትኩሳት ነበረዎት? በዚያ ሳምንት ምን አዲስ ነገር ሠሩ? መልሱን ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁለት ሳምንት የተጻፈ ማስታወሻ ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው «ያመኛል» ብቻ ከሚለው ይልቅ ሐኪሙን ብዙ ይረዳዋል፤ ብዙ ጊዜም ሐኪም ጋ ሳይደርስ መንስኤውን ራሱ ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የዋናተኛ ጣጣ ትከሻ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ አንዱን ርዝመት በ20 ቀዘፋ የሚጨርስ ሰው 1000 ሜትር ለመዋኘት 800 ጊዜ ይቀዝፋል። ለአንድ እጅ 400 ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ 1200፣ በወር ደግሞ 5000 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እያንዳንዱ ቀዘፋ ትንሽ ስህተት ካለበት ስህተቱ በወር 5000 ጊዜ ያህል ይደገማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኬኔዲና ሃውኪንስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለዚህ ሕመም «የዋናተኛ ትከሻ» የሚል ስም ያወጡለት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ትከሻ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በቀላሉ ከቦታው የሚናጋ መሆኑ ነው። የክንድን አጥንት በቦታው የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲደክሙ የክንዱ አጥንት ወደ ላይ ይንሸራተትና ጅማቱን ከበላዩ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ከትከሻዎ ፊት ለፊት ቁጥቁጥ የሚልዎት ይህ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከሚጠብቁት በላይ ቀላል ነው። በነፃ ቀዘፋ ሲዋኙ እጅዎ ውሃ ውስጥ የሚገባው በትከሻዎ ትክክል መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ግን እጁን ከአናቱ ፊት ለፊት አሻግሮ ወደ ሌላው ወገን ያስገባዋል። ይህ መሻገር ነው ጅማቱን የሚያጣብቀው። መዳፍዎ ወደ ታች እያየ በጣቶችዎ ጫፍ ይግቡ፤ አውራ ጣትን አስቀድሞ ክንድን ጠምዝዞ መግባት ይቅር። ሲቀዝፉ ትከሻዎ ብቻውን አይሥራ፤ መላ ሰውነትዎ ከጎን ወደ ጎን ትንሽ ይንከባለል። ውሃውን በተዘረጋ ክንድ ወደ ታች አይደቁሱት፤ ክርንዎን አጠፍ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። የሚተነፍሱት ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ በግራም ይለማመዱ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ውሃም ይጠጣሉ፤ ከዚያ ይለመዳል። እጅ ላይ የሚታሰር መቅዘፊያ ካለዎት ሕመሙ እስኪለቅዎ ለወዳጅዎ ያውሱት። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማስተካከል አይሞክሩ። አንዱን ይምረጡ፤ ለምሳሌ የእጅ አገባብዎን። አንድ ጓደኛዎ ከገንዳው ጫፍ ቆሞ በስልኩ ይቅረጽዎ። እጅዎ ሲሻገር በዓይንዎ ሲያዩት ከአሥር ሰው ምክር በላይ ያስተምርዎታል።

ጉልበት የሚያማቸው በአብዛኛው በደረት ቀዘፋ፣ ማለትም እንቁራሪት በሚመስለው ስልት፣ የሚዋኙ ናቸው። እግርን አብዝቶ ከፍቶ ወደ ውጭ ጠምዝዞ መምታት የጉልበቱን ውስጠኛ ጅማት ይወጥረዋል። ምቱን ጠበብ ያድርጉት፤ ሕመሙ እስኪበርድ ደግሞ በጀርባ ይዋኙ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገርም አለ። የሆቴል ገንዳ አጭር ሲሆን መዞሪያው ይበዛል፤ በያንዳንዱ መዞሪያ ግድግዳውን በእግርዎ ሲገፉ ጉልበትዎ ይታጠፋል፣ ይገፋል። ጉልበትዎ ከታመመ ቀስ ብለው ይዙሩ፤ በኃይል አይግፉ። ወገቡን የሚያመው ደግሞ ፊት ለፊት ለማየት አንገቱን ከውሃ ቀና አድርጎ የሚዋኝ ሰው ነው። የገንዳውን ወለል እያዩ ይዋኙ፤ ጭንቅላት ዝቅ ሲል ዳሌ ከፍ ይላል፣ ወገብም ያርፋል።

መንስኤው ግን ሁልጊዜ ውሃው ውስጥ አይደለም። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ ሌሊቱን መሪ ይዞ የነዳ ሹፌር ትከሻው ገንዳ ሳይደርስ ደክሟል፤ ከመግባቱ በፊት አሥር ደቂቃ መራመድና ክንዱን ቀስ እያደረገ ማዞር ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ መከዳ ላይ በግራ ክርኑ ተደግፎ ለሰዓታት በርጫ የሚቀመጥ ሰውም ግራ ትከሻው ወደ ላይ ተገፍቶ ይውላል። በማግሥቱ ሲዋኝ የሚያመው ያው ግራ ትከሻ ሲሆን ገንዳውን ይወቅሳል። በየግማሽ ሰዓቱ መነሳትና ጎን መቀየር ብቻውን ለውጥ ያመጣል። 20 ሊትር ጀሪካን ሁልጊዜ በአንድ እጅ የምትሸከም እህትም እንዲሁ ናት። የሚያመውን ትከሻ ተጭነው የሚተኙ ከሆነም ጎንዎን ይቀይሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበልና ይህ ሸለቆ ስላለበት ልዩ ነገር ልናገር፤ ከሌላ አገር የተቀዳ የዋናተኛ ምክር ይህን አይነግርዎትም። በእኛ ቆላ የመገጣጠሚያ ሕመም ከዋና ጋር ምንም የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቺኩንጉኒያ አንዱ ነው። ቀን ላይ የምትነድፍ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እያስተኛ ሲያጥለቀልቃት አይተናል። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ የእጅ አንጓ፣ የጣትና የቁርጭምጭሚት ሕመሙ ግን ለወራት ሊመላለስ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሎጊያና በሚሌ የደንጊ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ እሱም አጥንት የሚሰብር የሚመስል ሕመም ያመጣል። ከብርቱ ትኩሳት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመምዎ መመላለስ ከጀመረ የእጅ አገባብ ማስተካከል ብቻውን አይፈውስዎትም፤ ጤና ተቋም ይሂዱና ትኩሳቱን ይናገሩ። ደንጊ ሲጠረጠር አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለመድማት ስለሚያጋልጡ ሐኪም ሳያዩ አይውሰዱ።

ብሩሴሎሲስ ሁለተኛው ነው። ካልተፈላ የግመል፣ የፍየልና የላም ወተት ይተላለፋል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ማታ ማታ ያልባል፤ ወገብና ጉልበት ያማል። ለእንግዳ የሚቀርብ ትኩስ የግመል ወተት የአፋር ቤት ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ ወተቱን አፍልቶ መጠጣት ለቤተሰቡም ለእንግዳውም ይጠቅማል። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ግን ሳምንታት ስለሚፈጅ ሳይቋረጥ መጨረስ አለበት።

ሦስተኛው ከምንጠጣው ውሃ የሚመጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለዓመታት ሲጠጡ በልጅነት ጥርስ ይበልዛል፤ እየቆየ ደግሞ አጥንትና ጅማት ይደርቃል፤ አንገትና ወገብ ይገትራል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየው ጉዳት በሐኪሞች በደንብ ተጠንቶ ተጽፏል። ከልጅነትዎ ጀምሮ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉና አንገትዎ የማይዞር ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ማንሳት አይርሱ። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግደውም። ሪህም አለ፤ አንድ መገጣጠሚያ፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት፣ ሌሊት በድንገት ቀልቶ ይቃጠላል። በሙቀት ሰውነት ውሃ ማጣቱ ሪህን ይቀሰቅሰዋል፤ ብዙ ሥጋና ቢራም እንዲሁ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች አሉ። መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ አብጦና ሞቆ ትኩሳት ካለው፣ ከወደቁ በኋላ እግርዎ አልረግጥ ካለ፣ እጅዎ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ ዛሬውኑ ይሂዱ። ጠዋት ሲነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ግትርነት በሁለቱም እጆችዎ ካለ፣ ወይም የወገብ ሕመሙ ክብደት ከመቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ይያዙ። ሰመራ ላይ ያለ ሰው ዱብቲ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። ወጌሻን በተመለከተ ደግሞ የብዙዎቹን እጅ ጥበብ አከብራለሁ፤ ሆኖም ያበጠና ትኩስ መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ስብራት የተጠረጠረበት አካል፣ በፍጹም መታሸት የለበትም።

ማስታገሻም ልክ አለው። ከፋርማሲ የሚገዛ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይረዳሉ፤ ነገር ግን በአፋር ሙቀት ሰውነቱ ውሃ ያጣ ሰው ሲውጣቸው ኩላሊቱን ይጎዱታል፤ ባዶ ሆድ ከሆነም ጨጓራን። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይነካቸው ይሻላል። ሕመሙን በክኒን አደንዝዞ ገንዳ መግባት ደግሞ ልኩን የሚነግርዎትን ምልክት ማጥፋት ነውና ይቅር። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ለጉልበትና ለእጅ ጣት ከሚዋጠው ይልቅ ለሆድ ይቀላል።

ሰዓቱንም ይምረጡ። በሰመራ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሰው ደግሞ ውሃ ውስጥ ሆኖም ያልበዋል፤ ስለማይታየው ብቻ አያስተውለውም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዋኙ፤ ከመግባትዎ በፊትም ሲወጡም ይጠጡ። በረመዳን ጾመኛ ከሆኑ ዋናውን ከኢፍጣር በኋላ ያድርጉት። ፍል ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ቆይተው ቀስ ብለው ይነሱ፣ ድንገት የሚነሳ ሰው ራሱን ይስታል። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ሙቅ ውሃ የተገተረ መገጣጠሚያን ያፍታታል፤ ትናንት ለተመታና ላበጠ ግን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይሻለዋል።

ከውሃ ውጭ ያለው ሥራ ደግሞ አስደሳች ነው፤ ዋጋውም የለም ማለት ይቻላል። አዋሽም ሰመራም የከባድ መኪና ከተሞች ናቸው፤ ጎሚስታ ሞልቷል። አንድ ጎሚስታ ቤት ጎራ ይበሉና ካረጀ ከመነዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ ቁመትዎን የሚያህል ላስቲክ ያስቆርጡ። አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ ይሰሩት። በጎን ቆመው ክርንዎን ከጎድንዎ ጋር አጣብቀው፣ 90 ዲግሪ አጥፈው፣ ላስቲኩን ከሆድዎ ወደ ውጭ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ቀስ ብለውም ይመልሱ። አሥራ አምስት ጊዜ፣ ለሁለቱም እጅ። ከዚያ ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው በሁለት እጅዎ ወደ ደረትዎ ይሳቡ፤ ከጀርባዎ ያሉት ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች እርስ በርስ ሲቀራረቡ ይሰማዎታል። ለጉልበትዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጅዎ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። በሳምንት ሦስት ቀን ያድርጉት። ለውጡ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀርፋፋ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እርስዎ ያን ሳምንት ይለፉት!

ኃይሌ ገብረሥላሴን ያስታውሱ። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ሽርፍራፊ ሲቀድም የተረከዙ ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ በነሐሴ በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሲወጣ ያለቀለት የመሰላቸው ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር 35 ዓመቱ ነበር። የተጎዳ ጅማት ታክሞ፣ ተመጥኖና ጠንክሮ የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

የሕመሙን ልክ ለማወቅ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። ሲዋኙ እስከ 3 ከሆነና በማግሥቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው፤ ይቀጥሉ። ከዚያ ካለፈ ወይም በማግሥቱ ከባሰ ቀጣዩን ቀን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አይቅሩ። ለረጅም ጊዜ ከውሃ ከራቁ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሶ አይዋኙ፤ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ይራመዱ። በሁለተኛው ሳምንት በጀርባዎ ጥቂት ርዝመት ይጨምሩ። በሦስተኛው፣ ትከሻዎ ከፈቀደ፣ ነፃ ቀዘፋን በአዲሱ የእጅ አገባብ ይጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ይሂዱ።

ሰመራ ላይ መዋኛ እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ተባብሮ መሄድ ያዋጣል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በወር አንዴ መኪና ተጋርታችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ሴቶች ብቻቸውን የሚዋኙበት ሰዓት እንዲመደብላቸው ሆቴሉን በጋራ መጠየቅም ይቻላል። ብቻዎን ውሃ አይግቡ። ደግሞም ውሃ ውስጥ መራመድ ዋና መቻልን አይጠይቅምና በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትዎን ይዘው ይሂዱ፤ እጃቸውን ይያዙና ጥልቀት ከሌለው ጫፍ አብረው ይጀምሩ።